በሁለት ሰልፍ መካከል የቀረችው ልጅ

ባለፈው የማኅበር ዕለት ከዳቦው ቀድሞ የቀረበልን የአንዲት ሴት ሥጋ ነበር። ሴትዮዋ ከባሏ ዘመዶች ጋር ከዳባት ወደ ደባርቅ ለሠርግ ስትመጣ ልጇ እዚያው ዳባት መናኸሪያ ቀረ። መንገድ ላይ ትዝ አላቸውና ተደወለ፣ በባጃጅ ተፈለገ፣ ልጁም ሙዝ እየላጠ ተገኘ። ነገሩ ይኸው ነው። ማኅበርተኛው ግን ሊለቃት አልቻለም። አንዱ "ኧረ እናት ናት እሷ?" ይላል። ሌላው "ዶሮ እንኳ ጫጩቷን አትረሳም!" ይላል። እኔ ድሮም ጠብ እወዳለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሥራ የለኝም። ዋንጫዬን አስቀመጥሁና፣

"ዶሮ መናኸሪያ ገብታ ታውቃለች?" አልኋቸው። "ኬሻ ተሸክማ፣ ጫጩት አዝላ፣ ወንበር ተሻምታ ታውቃለች?"

ሳቁብኝ። "ታኮ ደግሞ ጀመረው" አሉ። ተቆጥቼ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ምርኩዜን ረስቻለሁ። ልወስድ ተመልሼ ስገባ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እነሱ ይሳቁ። ያቺ ሴት በወሬ ላይ ተሰቅላ ሳለ እኔ ምርኩዜን ብረሳ ምን ይገርማል?

በቃል ያላሸነፍኋቸውን እስቲ በጽሑፍ ልሞክራቸው። ዕድሜዬን የጨረስሁት መጀመሪያ በአውቶቡስ ረዳትነት፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ደግሞ በመናኸሪያ ስምሪት ላይ ነው። ልጅ እንዴት መንገድ ላይ እንደሚቀር አውቃለሁ። በዚህ ነገር ማንም አያስተምረኝ።

ወደ ሥራው የገባሁት ተመርጬ እንዳይመስላችሁ። ዳባት ቄስ ትምህርት ቤት ስማር ዜማዬ ፍየል ያስበረግግ ነበር። የኔታ ብዙ ታገሡኝ፣ በመጨረሻ "ልጄ፣ እግዜር ሌላ ነገር አስቦልሃል፤ ሂድና ፈልገው" ብለው አሰናበቱኝ። ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ያ የዜማ ጠላት የሆነው ድምፄ "ጎንደር! ጎንደር! የሞላ!" ለማለት ተወዳዳሪ አልነበረውም። አውቶቡሱ ባዶ ቢሆንም "የሞላ" እል ነበር። ሰው አንዴ ከገባ በኋላ ወርዶ አይሄድም።

ያን ጊዜ ደርግ ነው። ያለ ቀበሌ ይለፍ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም፤ በየኬላው ፍተሻ አለ። ደሞዙ ደሞዝ ተብሎ ስለሚጠራ ብቻ ደሞዝ ነበር። እኔን ያቆየኝ ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣውን ለማንም የማያነሣ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ከላይ እስከ ታች ማለት በእኔ ቁመት አጭር ሥራ ነው።

"ይህን ከጎማ ሥር ብወሽቀው መኪና ይይዛል" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ታኮ ሆነ። ታኮ ማለት መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚወሸቅ እንጨት ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም አሁን የሚያውቀው የጡረታ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ሞተር ሲያስነሣ ብቻ ነበር። ጆሮውን ወደ መሪው ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ያን ጊዜ ያስነጠሰ ሰው ወዮለት። ሊማሊሞን ሲወርድ ፍሬን አያቃጥልም። "በየትኛው ማርሽ እንደምትወጣው አስብና በዚያው ውረድ" ይለኝ ነበር። ጭነት ሲታሰር ከሥር ቆሞ ያያል፤ እኔ ከጣሪያው በላይ የዕቃ መጫኛው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሆኜ ገመድ እስባለሁ። ከባዱ እህል ወደ መሐል፣ የቅቤው ቅል ቆሞ በኬሻ ተደግፎ፣ ፍየሎቹ ወደ ኋላ፣ ዶሮዎቹ መጨረሻ። አስሬ ስወርድ "ውጣና አሽት" ይለኛል። ተመልሼ ወጥቼ እንደ ውሻ አሸታለሁ፤ ቅቤ ወይም ጋዝ ከሸተተ ሁሉም ይፈታል። አንድ ቀን ሰነፍሁና ሳልወጣ "ምንም አይሸትም" አልሁት። ዛሪማ ስንደርስ ከላይ የቀለጠ ቅቤ በመስኮት እየገባ የአንድ ካድሬን ፀጉር ቀብቶት ነበር። ካድሬው ጮኸ። ጋሽ ደምሴ ግን "ጓድ፣ ይህ ነፃ ነው" አለው።

አሁን ወደ ልጅ ልምጣ።

ሰው የማይገባው ነገር ይህ ነው፤ ብቻዋን ልጅ ይዛ የምትጓዝ ሴት ልጇን ስትረሳ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ልጅ የሚቀረው አጀብ ሲኖር ነው። ለተዝካር፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ሲሄዱ። አክስት ይዛዋለች ሲባል አክስት ለአጎት ሰጥታዋለች፤ አጎት ለአያት። ደግሞ ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ አይከፈልበትምና ልጆች በየማያውቁት ሰው ጭን ይበተናሉ። እኔም እያየሁ እንዳላየሁ አልፋለሁ። የገበያ ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ግፊያው ሲብስ አባት ልጁን በመስኮት ወደ ውስጥ ይወረውርና "ወንበር ያዝልን!" ይለዋል። ልጁ የታዘዘውን አይረሳም፣ ወንበሩ ላይ እንደ ንጉሥ ተንጋልሎ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ወላጆቹ በር ላይ ሲጋፉ ሕዝቡ ጠርጎ ሌላ አውቶቡስ ውስጥ ከተታቸው። እነሱ ወደ ጎንደር፣ ልጃቸው ወደ ዛሪማ። ልጁ አለቀሰ መሰላችሁ? አባቴ እስኪመጣ ድረስ ከወንበሩ አልነሣም ብሎ ሁለት አሮጊት አቁሞ ሄደ።

ይህ የሚያስቅ ነው። የማያስቀኝን ደግሞ ልንገራችሁ።

በድርቁ ዓመት አውቶቡሳችን ለግዳጅ ተወሰደ። ከበየዳ በእግራቸው የወረዱ ገበሬዎችን ደባርቅ ሜዳ ላይ ሰብስበው ወደ ሰፈራ ይጭኗቸዋል። ወንዱን በካሚዮን፣ ሴቱንና ሕፃኑን በአውቶቡስ። እኛ ጎማ ስንቀይር ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀረን። ቀና ስል አንድ ትንሽ ልጅ በቆርቆሮ ውኃ ይዞ ባዶው ሜዳ መሐል ቆሟል። አባቱ "ለእናትህ ውኃ አምጣ" ብሎ ልኮት፣ ከውኃው ሲመለስ ሰው የለም። አባቱ ከእናቱ ጋር ነው ይላል፤ እናቱ ከአባቱ ጋር ነው ትላለች፤ ሁለቱ ደግሞ በሁለት መኪና ናቸው። ልጁ ውኃውን አላፈሰሰም። ጋሽ ደምሴ አንሥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ጎንደር ስንደርስ መኪኖቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ከመኪና መኪና እየዞረ "የማን ነው? እዩት! የማን ነው?" ሲል ዋለ። ያ የማይጮህ ሰው ድምፁ ተዘጋ። ወደ ፊት የሄዱትን ልከተል ብሎ የሰፈራውን ኃላፊ ለመነ።

"ሌላ ጭነት ይጠብቅሃል" አለው ኃላፊው።

ጭነት! ወላጆቹን አላገኘንም። ያኔም፣ በኋላም፣ እስከ ዛሬም። ልጁ ጋሽ ደምሴ ቤት አደገ። እናቱ ረሳችው የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊቴ ላይ ይበለኝ፤ ቁመቴን አይቶ አይድፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ አንድ ልማድ አመጣ። ከየትኛውም ቦታ ከመነሣታችን በፊት ወንበሩን ትቶ በመተላለፊያው ይመጣል። "ልጅ ያላችሁ!" ይላል። "አለ" ብትሉት አይቀበልም። "አለ አትበሉኝ፣ ንኩት!" ይላል። እናትም ትነካለች፣ አባትም ይነካል፤ አንዱ ለሌላው አይነካም። ሰው ተቀየመ፣ ሳቀ፣ ለመደ።

ይህች ልማድ የተዘለለችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሷም በእሱ ፈቃድ አልተዘለለችም።

ሊማሊሞ ከደባርቅ ጫፍ ተነሥቶ ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገድ ነው። ያን ጊዜ በረሃው የጦር ሜዳ ነበርና መኪና የሚወርደው በወታደር እጀባ፣ በመስመር ተሰልፎ ነው። በዚያ ጠዋት ከተሳፋሪዎቻችን አንዱ ወደ ዛሪማ አካባቢ ደብር የተሾሙ መሪጌታ ነበሩ፤ ድምፃቸው የታወቀ፣ ትልቅ ሰው። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካልና ጥርሷ ገና መነቀል ያልጀመረ ልጃቸው ትርንጎ አብረዋቸው አሉ። ልጅቱ አባቷን እንደ ተማሪዎቹ "የኔታ" ብላ ነው የምትጠራው፤ ሌላ ስም ያላቸው አይመስላትም።

ደባርቅ መውጫ ኬላው ላይ ሁላችንም ለፍተሻ ወረድን። ሥርዓቱ ወንድ በፊት በር፣ ሴት በኋላ በር፤ ወንድ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ሴት በስተግራ ይሰለፋል። ትርንጎ የአባቷን እጅ ይዛ ወረደች። ወይዘሮ አስካል ከማዶ አየቻት፣ ልቧ አረፈ፣ ወደ ሴቶች መፈተሻ ገባች። ቀጥሎ ወታደሩ መሪጌታ ዘንድ ደረሰና "እጅ ወደ ላይ!" አላቸው። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ያነሣ ሰው የልጅ እጅ በምን ይይዛል? ለቀቋትና "ወደ እናትሽ ሂጂ" አሏት። የሄደች መሰላቸው። እሷም ሄዳ ነበር፤ መንገዱ መሐል ግን ቃጭል ያሰረች በቅሎ አለፈች።

ሁሉም ተመልሶ ተሳፈረ። መሪጌታ ለክብራቸው ከፊት፣ ወይዘሮ አስካል ከዕቃው ጋር ከኋላ፤ መሐሉ በሰውና በኬሻ ተጠቅጥቋል። ጋሽ ደምሴ "ልጅ ያላችሁ!" ብሎ ከወንበሩ ሲነሣ የእጀባው መቶ አለቃ መስኮቱን በበትር ደበደበ።

"ጓድ ሾፌር! ይህ ጦር ነው ወይስ ክርስትና? መስመሩ ሄዷል፣ ተንቀሳቀስ!"

ተንቀሳቀስን።

ጠመዝማዛውን ወርደን ወርደን፣ ከኋላ አንድ ቁራሽ ዳቦ በሰው እጅ እየተቀባበለ ወደ ፊት መጣ። ወይዘሮ አስካል ለትርንጎ መላኳ ነው። የልጅቱ ስም ግን መንገድ ላይ ወደቀና ዳቦው ብቻ መሪጌታ እጅ ደረሰ። ባረኩት፣ በሉት። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ ጥያቄ መጣ፤ ከአፍ ወደ አፍ፣ "በላች ወይ? በላች ወይ?" እያለ። መሪጌታ ዞር አሉ።

"ማን?" አሉ።

ያች "ማን?" የምትል ቃል ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ስትሄድ በጆሮዬ ሰማኋት። ማን? ማን? ማን? ወይዘሮ አስካል ዘንድ ደረሰች። ከዚያ በኋላ የተሰማውን ድምፅ አልጽፈውም።

ጋሽ ደምሴ አውቶቡሱን ወደ ገደሉ ግድግዳ አስጠግቶ አቆመ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ሞክሼዬን፣ ታኮውን፣ ከጎማው ሥር ወሸቅሁት። ውስጥ መሪጌታ ተነሥተው ወደ ኋላ ይጮኻሉ።

"ወደ አንቺ ሰድጃት! አልያዝሻትም?"

"ከእርስዎ ጋር ነው የወረደች! በዓይኔ አይቼ!"

ይህን ብላ በኋላ በር ወርዳ በአቋራጩ ሽቅብ መሮጥ ጀመረች። መሪጌታ ሊከተሏት ሲሉ ጋሽ ደምሴ ያዛቸው፤ እግራቸው ሕመምተኛ ነበር፣ አቋራጩ ደግሞ የዝንጀሮ መንገድ ነው።

"ታኮ! ተከተላት!" አለኝ።

ኋላ የሆነውን ተሳፋሪዎቹ ነገሩኝ። መቶ አለቃው እየበረረ መጣ።

"ለምን ቆምህ?"

"ሰው ጎድሎብኛል።"

"ለአንድ ሕፃን ጦር ይቆማል እንዴ?"

"ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ሂድ ተብዬ ሄጃለሁ" አለ ጋሽ ደምሴ። "ሁለተኛ አልሄድም።"

"አሳስርሃለሁ!"

"ይሰሩኝ። ቁልፉ ግን አብሮኝ ይታሰራል። አውቶቡሷን ገደል ካልከተቷት በቀር ከኋላዬ ያለው ሁሉ አያልፍም።" ቁልፉን ነቅሎ ጫማው ውስጥ ጨመረና ጫማውን አሰረው። ተሳፋሪውም አንድ በአንድ ወርዶ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላዘዘው። መቶ አለቃው ሽጉጡን ነካ፣ ተወው፣ ሲጋራ ለኮሰ።

እኔ ደግሞ ሽቅብ ነፍሴ ልትወጣ ነው። ወይዘሮ አስካል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትወጣለች፤ እኔ በእጄም በእግሬም እሄዳለሁ።

"ፍጠን እንጂ! ወንድ አይደለህም?"

"ወንድስ ነኝ እታለም፣ ግን አጭር ነኝ።"

አልሳቀችም። ትንሽ ወጥታ ሳትዞር ተናገረች፤ "አልያዝሻትም አሉኝ። ሰማህ? ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አልያዝሻትም አሉኝ።"

ኬላው ስንደርስ ሴቶችን የምትፈትሸው እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆማለች። እሷን የማይፈራ ሴት በዚያ መንገድ አልነበረም።

"ልጅ አይተሻል? ትንሽ ሴት ልጅ?"

"በቅሎ ስትከተል ያዝኋት። የማን ልጅ ነሽ ብላት 'የየኔታ' አለችኝ። የኔታ ዘንድ ሰደድኋት።"

"የኔታማ ታች ሊማሊሞ ላይ ናቸው!"

"እኔ የማውቃቸው የኔታ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉትን ነው፤ ስንት የኔታ አለ ብዬ ልጠይቅ?" አለች እትዬ በላይነሽ። ከዚያ የወይዘሮ አስካልን ፊት አይታ ድምፅዋ ወረደ። "ሩጪ፣ ገና አሁን ነው የሄደች።"

ሮጥን። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ የንባብ ተማሪዎች ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ይጮኻሉ፤ ዓይናቸው የደከመ የኔታ ጭራቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ከመሐል አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ትሰማለች። ትርንጎ ፊደሉን ከአባቷ ተማሪዎች በጆሮዋ ለቅማ ኖሮ እንደ ቤቷ ተቀምጣ ሀ ሁ ትላለች። የኔታ ኮቴያችንን ሰምተው፣

"አንድ አዲስ ድምፅ መጥቷል" አሉ። "ጎበዝ ናት፣ ትቆይ።"

ወይዘሮ አስካል ተንበርክካ የልጅቱን ክንድ፣ እግር፣ ጆሮ ዳበሰች። አላለቀሰችም። ትርንጎ፣ "እማዬ፣ በቅሎዋ ቃጭል አላት" አለቻት።

መውረዱ ቀለለን። ልጅቱን ያዘልኋት እኔ ነኝ፤ "አንተ ልጅ፣ አደናቀፈህ" እያለች ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዛ ነዳችኝ። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ እልልታው ገደሉን ሞላው። መሪጌታ ልጃቸውን አቅፈው ሳሟት፣ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ያ የድንጋጤ መርዝ መውጫ ሲፈልግ፣ ቀና ብለው፣

"እንዲህ ያለች ዝንጉ ሴት!" አሉ።

አንድ ሽማግሌ "እናት እንዴት ልጇን ትረሳለች?" አለ። ሌላው ተቀበለው። ጠዋት ለእሷ መንገድ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ አሁን አፉን ከፈተባት። ለካ ልጅቱ እስክትገኝ ነበር የጠበቁት።

ወይዘሮ አስካል ትርንጎን ከመሪጌታ ተቀብላ መንገዱ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ አልሳፈርም" አለች።

"ምን?" አለ መቶ አለቃው።

"እሳቸው ዛሪማ አለቃ ሆነው ይገባሉ። እኔ ልጇን የጣለች ተብዬ ነው የምገባው። ይህ ሁሉ ሰው ነገ ገበያ ይወርዳል፣ ይናገራል። ውኃ ልቀዳ ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ስሄድ፣ እስክሞት ድረስ 'ያቺ' እባላለሁ። እጄን አንሥቼ የለቀቅኋት እኔ ነኝ? እኔ አልሳፈርም። በእግሬ ወደ አባቴ አገር እመለሳለሁ።"

"ኧረ በማርያም!" መቶ አለቃው ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረ። "ንዳ! ትቅር!"

ጋሽ ደምሴ ጫማውን እንኳ አልፈታም። "ሰው ጎድሎብኛል" አለ።

መሪጌታ ወደ ሕዝቡ አዩ፣ ወደ ገደሉ አዩ፣ ወደ ሚስታቸው አዩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሕዝብ ፊት ተሳሳትሁ ማለት እንደ እሳቸው ላለ ሰው ከሊማሊሞ ይከብዳል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ከእጄ የለቀቅኋት እኔ ነኝ" አሉ፣ በጢማቸው ውስጥ።

ወይዘሮ አስካል ከድንጋይዋ አልተነሣችም። እንደ ወትሮዋ በአክብሮት፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ፣

"ጮክ ይበሉ የኔታ፤ የኋላዎቹ አልሰሙም" አለች።

መሪጌታ ለአፍታ አዩአት። ከዚያ ደረታቸውን ሞሉና ቅዳሴ ላይ በሚያወጡት ድምፅ፣ "ከእጄ! የለቀቅኋት! እኔ ነኝ!" አሉ። የመስመሩ የመጨረሻ ካሚዮን ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። ገደሉ ማዶ ተቀብሎ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያለ መለሰው። ሽማግሌው ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ።

"ተሰምቷል!" አለ መቶ አለቃው። "በረሃው ሁሉ ሰምቷል፣ ሽፍታውም ሰምቷል! አሁን ግቡ!"

ወይዘሮ አስካል ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራገፈች። ትርንጎን ለመሪጌታ አስታቀፈቻቸውና ቀድማቸው፣ በፊተኛው በር ገባች።